አያ ጅቦ የመረጣት ኮከብ

ጠጋ በሉ፤ የሰማ ላልሰማ ይንገር። ድሮ፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ ሰማይ ዝናቡን ነፈገና አንዲት ምንጭ ብቻ ቀረች። እሷም ላይ አያ ጅቦ፣ የንጉሥ አንበሳ ምስለኔ፣ ተገትሮ እጅ ያልነሳኝ አይጠጣም ይል ነበር። ሚዳቋ እጅ ነሳች፤ ዝንጀሮም እጅ ነሳ። እመት ጃርት ግን የልጆቿ ምላስ ከላንቃቸው ተጣብቆ እያየች፣ "እሾኬን አላስተኛም" ብላ ቆመች።

ጭቅጭቁ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ። አንበሳም ነገር ሲበዛበት፣ እንግዲያው ለየአውሬው ኮከብ ይታደለው፣ ውኃውም በኮከቡ ድምቀት ተራ ይጠጣ ብሎ ፈረደ።

ሰማይ ሲያይ የሚያድረው አባ ጉጉት አመሻሹ ላይ ሁሉንም ሰብስቦ አስረዳ። ከሁሉ የምትደምቀዋ አንደኛ ትባላለች፤ ከሷ የምታንሰው ሁለተኛ፤ እንዲህ እያለ ይወርድና፣ ዓይን አጥብቦ በስንት መከራ የሚያያት ስድስተኛ ናት። አውሬው ሁሉ ሰማ። አያ ጅቦ ግን አጥንት ይቆረጥም ነበርና፣ ከነገሩ ቁጥሩ ብቻ ጆሮው ገባ።

ማደሉ የምስለኔው ሥራ ነው። ተነሥቶ አፉን ጠረገና፣ "ስድስተኛዋ የኔ ናት። ለዚች አፈኛ አንደኛዋ ትበቃታለች" አለ። ዝንጀሮ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ።

ጅቦ ጃርት ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እንባዋን ሲያጣው ጊዜ፣ "እጅ ንሺና ሁለተኛዋን ላድርግልሽ" አላት።

"እሾኬን አላስተኛም። ይልቅ ወንድ ከሆንክ አንበሳ ይሙት በልና አጽናው።"

በዚያ አገር በንጉሥ ስም ምሎ ቃሉን ያጠፈ ቆዳው ይገፈፋል። ጅቦ ግን ንዴቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ነበርና፣ አንበሳ ይሙት፣ አንዲት ኮከብ አትለወጥም ብሎ ማለ።

ሲነጋ ጉጉት ተራ ጠራ። እመት ጃርት ልጆቿን አስከትላ በአውሬው መሐል አለፈች፤ ሆዳቸው እስኪነፋ ጠጡ። ሌላውም በየተራው ጠጣ። ስድስተኛ ሲባል ምንጩ ጭቃ ሆኗል።

ጅቦ ንጉሡ ዘንድ ጮኸ። አንበሳ በስሜ ምለሃል ብሎ ፊቱን አዞረበት። ቢቸግረው ወደ ጉጉት ዞረና፣ ኮከቤ ሩቅ ሆና እንጂ ደብዛዛ አይደለችም፣ ብትቀርብ ሁሉንም ታስንቃለች አለ። ጉጉትም አልካደም። እውነት ነው፤ የራቀች ትልቅ ኮከብ በቅርብ ካለች ትንሽ ኮከብ ይልቅ ደብዝዛ ትታያለች፤ እኛ ግን ተራ የሰጠናት ከዚህ ሆነን ባየነው ነው አለው።

ይኼን ጊዜ ጃርት አፏን ጠርጋ ዞረች።

"እንግዲያው ሂድና ቅረባት፣ አያ ጅቦ። ስትደርስ ብርሃኗን ጠጣ።"

አውሬው ሲስቅ፣ ምስለኔው አንገቱን ደፍቶ ጭቃ ሲልስ ዋለ። ለዚህ ነው እንዲህ የተባለው፦ ሳይሰማ የነጠቀ፣ ምንጭ ዳር ደረቀ።