አርባ ቀን ንፍሮ

በድሮ ዘመን፣ አዛኝ ከሐዘንተኛ በበዛበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ገና ስትድህ ሞተ፤ እናቷን በነሐሴ መጨረሻ ቀበረች። የቀሯት ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ አንድ ዳልቻ በሬ፣ አንድ ጥማድ መሬት፣ አንድ ጎታ የሽምብራ ዘር። ልጆች፣ ሦስቱንም ያዙልኝ፤ አንዱን ሊበሉብን ነው።

በዚያው መንደር አያ ልመንህ የሚባሉ ደግ ሰው ነበሩ። ደግነታቸውን ራሳቸው ስለሚናገሩት ጥርጥር የለበትም። ለቅሶ ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ከሁሉ አስበልጠው ይጮሃሉ፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ። መሬታቸው ከአንጓች መሬት ጋር ይዋሰናል። የአገሩ ደንብ ደግሞ ሳይዘራ የከረመ መሬት ለጎረቤት ይሰጥ ይላል። ይህን የማነሳው እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

በመጀመሪያው ቀን አያ ልመንህ መጡ፤ “አይዞሽ ልጄ” አሉ፤ አንድ ሳህን ንፍሮ በሉ። በሁለተኛው ቀን ወንድሞቻቸውን አስከትለው መጡ፤ “አይዞሽ ልጄ” አሉ፤ አንድ እንቅብ ንፍሮ በሉ። በሦስተኛው ቀን መንደሩን አስከትለው መጡ፤ “አይዞሽ”ም “ልጄ”ም አላሉ፤ አፋቸው ሞልቶ ነበር።

በሌላ አገር ለሐዘንተኛ ንፍሮ የሚያመጣ ጎረቤት ነው። በዚያ መንደር ግን ጎረቤት የሚያመጣው አፉን ነው። ንፍሮው ከወዴት መጣ? ከጎታው!

መስከረም ጠባ፤ ሽምብራ የሚዘራበት ጊዜ ደረሰ። አንጓች ቀንበሩን አንሥታ ለበሬዋ ጥንድ ፍለጋ ልትወጣ ስትል አያ ልመንህ በሩ ላይ ቆሙ።

“ወየው! የእናትሽ አርባ ሳይወጣ? ሐዘንተኛ እስከ አርባ ቀን ሥራ አይነካም፣ ዘር አይነካም!”

“አያ፣ ዘሩንማ እናንተ እየነካችሁት ነው እኮ።”

“እኛ የምንበላው ለነፍሷ ነዋ! እኔ እንደሆነ ሆዴን ለእናትሽ ብዬ ሠውቻለሁ።”

አርባ ቀን ሲሞላ መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንጓች ይህን ታውቃለች፤ ግን ሽማግሌ ተናግሯል፣ ማን ደፍሮ ይለፍ? ተመልሳ ንፍሮ ጣደች።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ብርቄ የምትባል እኩያዋ አፈር የምትጭንበትን አህያ እየነዳች ደጃፏ ደረሰች። ብርቄ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። መንደሩ ሸክላ ሠሪዎችን ቡዳ ናቸው ይል ነበር። በእንስራቸው ውሃ ይቀዳል፣ በድስታቸው ወጥ ይሠራል፤ እነሱ እያዩት ግን እህል አይቀምስም። አዋቂዎች ያሉት ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?

ለቅሶ ቤት አስገብቷት የሚያውቅ ስለሌለ፣ ብርቄ “አይዞሽ” ማለት እንኳ አልተማረችም።

“እናትሽ በሬውን በፉጨት ነበር የምትጠራው፣ አይደል?” አለች። “አፈር ስቆፍር እሰማት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።”

በሃያ ቀን ለቅሶ ስለ እናቷ አንድ ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም። አንጓች ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ብርቄም አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ጎታውን አይታ፣ “ግማሹ አለ። ዛሬ እኔም ለቅሶ ልቀመጥልሽ” አለች።

እኩለ ቀን ላይ አያ ልመንህ ከነጭፍሮቻቸው ገቡ። እጃቸው ወደ ንፍሮው ተዘርግቶ በአየር ላይ ቀረ።

“ይህቺ... ይህቺ ምን ትሠራለች?”

“ለቅሶ ደርሼ ነው፣ አያ። ይብሉ እንጂ!” አለች ብርቄ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። “ሰው ሲበላ ማየት ደስ ይለኛል።”

“ዛሬስ... ጾም ነኝ።”

“ሐሙስ ነው እኮ፣ አያ።”

“የግሌ ጾም ነው!” አሉና ነጠላቸውን እየሳቡ ወጡ። መንደሩም ተከተላቸው። ቤቱ ጭር አለ፤ ዘሩም ተረፈ።

ሁለቱ ልጆች ዳልቻውን በሬ ከአህያው ጋር ጠመዱት። በሬው አኮረፈ፤ “ከአህያ ጋር? አባቴ ቢሰማ ምን ይላል?”

አህያው፣ “አፈር ስጭን ማን አማከረኝ? ዝም ብለህ ጎትት” አለው።

በሬው ግን እምቢ ብሎ ቆመ። ይሄኔ አንጓች እንደ እናቷ አፏጨች። ድምጿ መጀመሪያ ተቆረጠ፤ ደግማ አፏጨች። በሬው ጆሮውን ቀሰረ፤ ወዲያና ወዲህ አየ፤ ከዚያ ቃል ሳይተነፍስ ተራመደ።

መንደሩ ብርቄን ፈርቶ ሊከለክላቸው አልቀረበም፤ ጉብታ ላይ ወጥቶ ሳቀ። በመጀመሪያው ቀን ሴት እርፍ ጨበጠች ብሎ ሳቀ። በሁለተኛው ቀን አህያ ተጠመደ ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ሽምብራው ተዘርቶ ስላለቀ የሚሳቅበት ነገር አጣ።

ታኅሣሥ ገባ። የአያ ልመንህ ጤፍ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ፣ ሩቅ አገር ያለች አክስታቸው ሞተች የሚል መርዶ መጣ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው አንጓች ናት፤ መንደሩን አስከትላ። ብርቄን ግን አላመጣችም፤ ብታመጣ ሰው ይበተናላ!

“አይዞዎት፣ አያ። እስከ አርባ ቀን ማጭድ እንዳይነኩ።”

“ያየኋት እኮ አንድ ጊዜ ነው! እሱንም በልጅነቴ!”

“ወይኔ፣ ሳይጠግቧት! ሐዘኑ እንዴት ይከብድ!” አለና መንደሩ ንፍሮ ጠየቀ።

ባቄላው አለቀ። ስንዴው አለቀ። ጤፉ ሜዳ ላይ መርገፍ ጀመረ። በሃያኛው ቀን አያ ልመንህ በጓሮ ሾልከው ብርቄ ቤት ሄዱ፤ “ልጄ፣ ለቅሶዬን ድረሺልኝ!” እያሉ ለመኑ።

“እደርሳለሁ” አለች ብርቄ። “ነገር ግን በመንደሩ ፊት፣ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላሉ።”

በሉ። በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ሞትን ጠበቁ። በሁለተኛው ጉርሻ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። በሦስተኛው ጉርሻ፣ “ወጡ የለም እንዴ? ጨመር አድርጊ እንጂ” አሉ። መንደሩ ግን ዓይኑ እያየ አላመነም፤ ሸሸ። የተረፈውን ጤፍ ያጨዱት አንጓች፣ ብርቄና ሐዘንተኛው ራሳቸው ናቸው። የረገፈውን ወፍ በላው።

አንጓችና ብርቄ በየዓመቱ አብረው ዘሩ፣ አብረው ሸክላ ተኮሱ። አህያውም በሬ ነኝ ማለት ጀመረ ይባላል።

እንግዲህ ልጆች፣ ከመቶ “አይዞሽ” አንድ አብሮ የሚጠምድ ይበልጣል። ሰውም ለሌላ ባወጣው ደንብ አንድ ቀን ራሱ ይዳኛል። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ ለቅሶዬ ላይ ብቻ ዘሬን አትብሉ።