ቃሉ የእሷ ነው

ይህ ነገር የሆነባትን ከተማ ስም አልጠራም፤ የሰዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። ቤቶቿ ሁሉ ከመስጂዷ በኋላ የተሠሩ አሮጌ ከተማ ነበረች ማለት ይበቃል። ከመስጂዱ በር ፊት ለፊት ሐጅ ሸረፋ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው። ጨርቅ ሲለኩ ለገዢው ትንሽ ይጨምራሉ፤ አዛን ሲሰሙ በሩ ላይ ዱላቸውን አጋድመው ወደ ሰላት ይሄዳሉ፣ ሱቁን የሚነካ ሰው አልነበረም። ከተማው ግን በአንድ ነገር ያማቸው ነበር። በልጃቸው ጉዳይ ሞኝ ናቸው ይባል ነበር።

ሰዓዳ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ምላሷ ይያዛል። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ አንገቷ ይወጠራል፤ አንዳንዴ ይወጣላታል፣ አንዳንዴ ተመልሶ ይገባል። ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። ማር ልሳለች፣ የዘምዘም ውሃ ጠጥታለች። ነቢዩ ሙሳም ዐለይሂ ሰላም ስለ ምላሳቸው ጌታቸውን ለምነዋልና አባቷ ዱዓውን አላቋረጡም። ከዱዓው ጋር ግን አንድ ሥራ ጨመሩበት፤ ልጅቷን ሱቅ ውስጥ፣ ገበያተኛ ፊት አቆሟት።

«ለምን በሰው ፊት ያስጨንቋታል?» አሏቸው እናቷ። «እቤት ብትሆን ምን ይጎድላታል?»

«ሰው ይጎድላታል» አሉ ሐጁ።

ገዢ መጥቶ ስለ ሻሹ ወይም ስለ ሽርጡ ይጠይቃል። ሰዓዳ መልሱን ትጀምራለች። ገዢው ግን ችኩል ነው፤ ቃሉን ከአፏ ላይ ነጥቆ ሊጨርሰው ይከጅላል። ያን ጊዜ ከጥግ፣ ተስቢሓቸውን እየቆጠሩ፣ ሐጁ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ቃሉ የእሷ ነው፤ ተዉላት» ይላሉ። እሳቸውም የጀመረችውን ቃል አንድም ቀን ጨርሰውላት አያውቁም። ትዕግሥት ያጣው ገዢ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ ሐጁም «አላህ ይስጥልን» ብለው ይሸኙታል። የቀሩት ደንበኞች ቀስ በቀስ መጠበቅ ለመዱ። ሰዓዳም እየቆመች፣ እየጀመረች፣ መናገር ለመደች። ምላሷ አልተፈታም፤ ፍርሃቷ ነው የተፈታው።

ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሸህ ቡሽራ ሽማግሌ ላኩ። ሸህ ቡሽራና ሐጅ ሸረፋ በልጅነታቸው አንድ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ቁርኣን የቀሩ፣ እንደ ወንድማማች የሚተያዩ ወዳጆች ናቸው። የሸህ ቡሽራ ልጅ ኢልያስ ሰላቱን የማያጓድል፣ ሰው የሚያመሰግነው ወጣት ነው። ወደ ሱቁ ሲመጣ ሰዓዳ እንዳትቸገር ብሎ፣ ሐጁ «ተዉላት» ከማለታቸው በፊት ቃሏን ፈጥኖ ይጨርስላት ነበር፤ ያየ ሁሉ «እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው!» ይል ነበር። ሐጅ ሸረፋ በጣም ደስ አላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ሲከድኑ ልጅቷ በማን እጅ ትወድቅ ይሆን የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበርና፣ ይህን ጥያቄ እንደ አላህ ራሕመት ቆጠሩት። ልጅቷን እንዲጠይቁ እናቷን ላኩ።

እናትየው ወዲያው ተመለሱ። «ዝም አለች» አሉ።

ሐጁም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጡ።

እዚህ ላይ የሸሪዓውን ሕግ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልናገር። ሴት ልጅ ያለ ፈቃዷ አትዳርም። ልጃገረድ ተጠይቃ ሐያእ፣ ማለትም ሀፍረት፣ ይዟት ዝም ካለች ግን፣ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይታይላታል። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም። በነገራችን ላይ፣ ሌላውን የሴት መብት የሚረሳ ወንድ ሁሉ ይህችን አይረሳትም።

የጋብቻው ቃል የሚታሰርበት የኒካሑ ቀን ደረሰ። በጎች ታርደዋል፣ ዳሱ በሰው ሞልቷል። ሐጅ ሸረፋና ኢልያስ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተጨባበጡ፤ በእጃቸውም ላይ እንደ ልማዱ ነጭ ሻሽ ተጣለበት። ቃሉን የሚያስሩት ሸህ ሁለቱን ምስክሮች ሙሽራዋን እንዲጠይቁ ወደ ጓዳ ላኩ። ብዙም ሳይቆይ እልልታ ተሰማ። ምስክሮቹ እየሣቁ ተመለሱና «ጠየቅናት፤ ዝም አለች» አሉ።

ሐጅ ሸረፋ ይህን ቃል ሲሰሙ ሁለተኛቸው ነበር። ቀና ብለው ምስክሮቹን አዩ።

«ጠበቃችኋት?»

«ዝም ካለች ምኑ ይጠበቃል ሐጅ?»

«ልጄ እኮ ዝም ሳትል ተናግራ አታውቅም» አሉ ሐጁ። የልጃቸውን ዝምታ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ሳይጠብቁ የቀሩትም እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ከሻሹ ሥር አወጡ።

ሐጁ ምስክሮቹንና ወዳጃቸውን ሸህ ቡሽራን አስከትለው ወደ ጓዳው በር ሄዱ፤ ከመጋረጃው ውጪም መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሰዓዳ፣ ልጄ፤ ኢልያስን ታገቢያለሽ ወይ? ማንም አይቸኩልብሽም።»

ዝም አለች። ቆዩ። ከውስጥ አክስቷ «ኸረ ሐጅ፣ አፍራ ነው! ፈቅዳለች በሉና ጨርሱት» አለች።

«ቃሉ የእሷ ነው» አሉ ሐጁ።

ጠበቁ። ምግቡ በረደ። ዳሱ ውስጥ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ ሸህ ቡሽራ ደጋግመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐጅ ሸረፋ የሚመኙትን መልስ ያውቁታል፤ አፋቸው ላይ ነበር። አላወጡትም።

«አ... አባዬ» አለች ሰዓዳ ከመጋረጃው ጀርባ። ረጅም ዝምታ ሆነ። «አል... አልፈልግም።»

ሸህ ቡሽራ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ኢልያስ ምን በደለሽ?»

«ም... ምንም። ደግ ነው።» እንደገና ቆመች። «ቃሌን... ይ... ይጨርስብኛል። አንድ ቀን እንኳ... እኔ ልል የነበረውን... ብሎልኝ አያውቅም።»

ሐጅ ሸረፋ ወደ ወዳጃቸው ዞሩ። «ቡሽራ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃል ሳልሰጥህ በፊት እዚህ በር ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። አፉ በለኝ።»

ሸህ ቡሽራ ተነሡ። ልጃቸውን ይዘው ሳይበሉ ወጡ። ምግቡ ለድሆች ሰደቃ ሆነ። ከተማውም ያፌዝ ጀመር፤ ሞኙ ሐጅ ልጃቸውን አቁመው አስቀሯት ተባለ። ሐጁን ግን ከዚህ ሁሉ የጎዳቸው የሸህ ቡሽራ ሰላምታ ነው። ከሰላት በኋላ ይጨብጧቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ግን አያዩም ነበር።

ረመዳን ሊያልቅ፣ ዒድ ሲቃረብ ሸህ ቡሽራ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ሐጁ ጥግ ላይ ነበሩ፤ አልተነሱም። ሸሁ የዒድ ጥምጣም ጠየቁ። ሰዓዳ መልሱን ጀመረች፣ ቃሉም ተያዘባት። ሸህ ቡሽራ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከኋላቸው ሌላ ገዢ ገፋ ገፋ ሲል ዞር ብለው «ቃሉ የእሷ ነው» አሉት። ሰዓዳ ጨረሰች። የፈለጉትን ጥምጣም አወጣችላቸው።

ከዚያ ሸህ ቡሽራ ወዳጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። «ሸረፋ፣ ያን ሁሉ ሰው አቁማ እንድትናገር እንዴት አድርገህ አስተማርካት?»

«እሷን ያስተማርኳት ነገር የለም» አሉ ሐጁ። «መጠበቅ የተማርኩት እኔ ነኝ። እሱንም አንድ ቀን ረስቼው ነበር።»

ይህን ታሪክ ስናገር ልጅቷ ኋላ አገባች ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አግብታለች፤ ግን ጥያቄው አያስደስተኝም፤ ባታገባ ኖሮ አባቷ ተሳስተው ነበር እንደ ማለት ነውና። ሸሪዓ የልጃገረድን ዝምታ ፈቃድ ያደረገው ለሐያዋ አዝኖ ነው። እኛ ግን ለእሷ የተሰጠውን እዝነት ለራሳችን ችኮላ አዋልነው። ለኒካሕ ብቻም አይደለም። ልጆቻችንን እንዴት ዋልሽ እንላቸዋለን፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ደህና ነሽ አይደል?» ብለን ራሳችን እንመልሳለን። ሐጅ ሸረፋ ለልጃቸው ያወረሱት ሱቅ ነበር፤ ሱቁ ዛሬ የለም። ከተማው የሚያስታውሰው ያን ቀን የጓዳው በር ላይ መቀመጣቸውን ነው።

ሴት ልጅ ያለህ ወንድሜ፣ ዛሬ እቤትህ ስትገባ አንድ ነገር ጠይቃት። ከዚያ ዝም በል።