ማኅተም ያለበት ወረቀት

አንዲት ሴት ነበረች። ሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት። ባሏ ትቷት ከሄደ ቆይቷል። ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ ትርንጎ ትባላለች። ሰፈሩም ሴትዮዋን በስሟ አይጠራትም፤ «የትርንጎ እናት» ነው የሚላት። ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ እንዲሁ በልጅ ስም ትጠራላችሁ? ብዙ ናችሁ። እንግዲያው ሴትዮዋን ታውቋታላችሁ ማለት ነው።

የትርንጎ እናት ፊደል አታውቅም። አለማወቋ ግን ያንገበግባታል። የሰው ልብስ እያሸች፣ እጇ በሳሙና እየተላጠ፣ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ እንደ እኔ አትሁን፣ ልጄ ታንብብ። ሌላ ምን አላት? ቤት የላት፣ ርስት የላት፣ ዞር ብሎ የሚያያት ዘመድ የላት። ያቺን አንድ ሐሳብ ይዛ ነው የሚነጋላት፣ ያቺን ይዛ ነው የሚመሽባት።

ትርንጎ አንደኛ ክፍል ገባች። ትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። በየሳምንቱ ዓርብ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ይሰጣል፤ ወርክሺት ይሉታል። ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ ከወላጅ ጋር የሚሠራ ነው። ከላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከታች የወላጅ ፊርማ የሚያርፍበት ቦታ አለው። ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። ያልተፈረመበት ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ወላጁ ይጠራበታል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህች ሴት ፊደል አታውቅም እንጂ ማኅተም ታውቃለች። ከዓመታት በፊት የቀበሌ ቤት ተራ ደርሷት ነበር። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ በጉያዋ ሸጉጣ ልብስ ስታጥብ ዋለች፤ ውሃ ነካው፤ ቀለሙ ፈሰሰ። የቀበሌው ጸሐፊ ደብዳቤውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ይህ ጨርቅ ነው እንጂ ወረቀት አይደለም፣ ሌላ አጽፈሽ አምጪ አላት። ሌላ እስክታጽፍ ተራው ለሌላ ሰው ሆነ። እስከ ዛሬ በሰው ጓሮ ተከራይታ የምትኖረው በዚያ የተነሣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣች፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት አይነካም፣ አይታጠፍም፣ አይቆሽሽም።

በመጀመሪያው ዓርብ ትርንጎ ወረቀቷን ይዛ መጣች። እርሳሷን ቀረጸች፣ መሬት ላይ በደረቷ ተኛች፣ ልትጽፍበት ስትል እናቷ ከእጇ ነጠቀቻት።

«እማዬ፣ ሙሉት ተብሎ ነው እኮ የተሰጠን» አለች ልጅቷ።

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ልጅ አይጫጭርም። እነሱ የሚፈልጉት የእኔን ፊርማ ነው፤ እሱን እፈርምልሻለሁ።»

ትርንጎ በሁለተኛውም ሳምንት ነገረቻት። በሦስተኛውም ነገረቻት፤ ቲቸር ከእናታችሁ ጋር ሥሩ ብላለች አለች። በአራተኛው ሳምንት እናቷ ተቆጣቻት። በአምስተኛው ልጅቷ ዝም አለች። ልጅ ናት እኮ። ሥራ ቀረልሽ የተባለች ልጅ እስከ መቼ ትከራከራለች? ወረቀቱን ለእናቷ ትሰጥና ገመድ ልትዘል ትወጣለች።

እናትየዋ ሰነፍ ነበረች እንዳትሉ። አልነበረችም። አውራ ጣት ቀለም እየነከሩ መፈረም ልጄን ያሳፍርብኛል ብላ ፊርማ ተማረች። በሳሙና ካርቶን ላይ ስንት ቀን ተለማምዳ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች፤ ጭራም ቀጠለችለት። ዓርብ ከሥራ ስትመለስ እጇን ትታጠባለች፤ በደንብ ታደርቃለች፤ ወረቀቱን በርጩማ ላይ ዘርግታ ትንፋሿን ይዛ ትፈርማለች። ከዚያ በላስቲክ አድርጋ ፍራሽ ሥር ታስገባዋለች። ሰኞ ጠዋት እንደተተኮሰ ሸሚዝ ሆኖ ይወጣል። አንድም ዓርብ አላለፋትም። ወባ ይዟት እየተንቀጠቀጠች ፈርማለች።

ዘርፌ የምትባል ጎረቤት ነበረቻት፤ ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ፣ እሷም ፊደል ያልቆጠረች። የዘርፌ ልጅ ወረቀት ዘይት ይነካዋል፣ ይታጠፋል፣ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ይቀደዳል። የትርንጎ እናት ትስቅ ነበር፤ የዘርፌ ወረቀት ሽሮውን በልቶ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው ትላለች። ዘርፌም ለምላሷ አታንስም።

«አንቺ ደግሞ ወረቀቱን እንዲህ የምታሽሞነሙኚው ልትድሪው ነው?» አለቻት አንድ ቀን።

ተሳስቀው ተለያዩ።

መምህርቷስ እንዴት አላየችም? ትሉ ይሆናል። በዚያ ክፍል ሰማንያ ሁለት ልጆች ነበሩ። ሰኞ ሰኞ ሰማንያ ሁለት ወረቀት ይመጣል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል አብራቸው ያለፈችው ይህችው መምህርት የምታየው ታችኛውን ጫፍ ነው። ተፈርሟል? ተፈርሟል። ቀጥሎ። ተፈርሟል? ተፈርሟል። ከፊርማው በላይ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሌለ ለማየት ጊዜ ከየት ይምጣ? ትርንጎ ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ የማትረብሽ፣ ሌሎቹ በኅብረት ሲያነቡ አብራ አፏን የምታንቀሳቅስ ልጅ ናት። በዚያ ላይ እዚያ ትምህርት ቤት በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ አይወድቅም። አንደኛን አለፈች። ሁለተኛን አለፈች። ክረምት በገባ ቁጥር እናቷ ካርዱን ይዛ ወደ ዘርፌ ልጅ ትሄዳለች፤ «ተዛውራለች» የሚለውን አስነብባ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ለምን በገዛ ልጇ እንዳላስነበበች አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም።

ሦስተኛ ክፍል ሲያልቅ የወላጆች ቀን ሆነ። ሜዳው ላይ አግዳሚ ተደርድሮ ወላጆች ተቀመጡ። ርእሰ መምህሩ ተነሣና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም የሳምንት ወረቀት ሳያስቀሩ ፈርመው የላኩ እናት አሉን አለ። ስሟን ጠራ። የልጇን ስም አይደለም፤ የራሷን፣ እናቷ ያወጣችላትን ስም ጠራ። እሷን መጥራቱ መሆኑን አላወቀችም፤ ዘርፌ በክርኗ ጎሰመቻት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ተጨበጨበላት። በሕይወቷ ተጨብጭቦላት አያውቅም፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት እንደ ተማሪ ወደ ኋላ አጣመረችው።

ርእሰ መምህሩም ልጅቷን ጠራ። የእንዲህ ያለች እናት ልጅ እስቲ ለወላጆች ታንብብልን አለና የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ገልጦ ሰጣት።

ትርንጎ መጽሐፉን ያዘች። ገጹን አየችው። እናቷን አየቻት። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

የምትለው ግን ገጹ ላይ ያለውን አልነበረም። አንደኛ ክፍል እያሉ ክፍሉ በሙሉ በኅብረት ይለው የነበረ፣ እሷም በቃሏ የያዘችው፣ ስለ ዶሮና ስለ ጫጩቶቿ የሚናገር ነገር ነበር። ገጹ ላይ ያለው የድልድይ ሥዕል ነው፤ እሷ ስለ ዶሮ ታነባለች። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች፣ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ታች እየወረደች፣ ስለ ዶሮ ታነባለች።

መምህራኑ አቀረቀሩ። ልጆቹ የዶሮዋን ነገር ያውቁታልና መሳሳቅ ጀመሩ። ነገሩ የገባው ወላጅ ዓይኑን ከመሬት ላይ አላነሣም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምንም ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ትርንጎ ስትጨርስ፣ ያ ሁሉ ሰው ጭጭ ባለበት፣ እናቷ ብቻዋን እልል አለች።

ሦስት ጊዜ እልል አለች።

እልልታ ብቻውን ቀርቶ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተቀባይ የሌለው እልልታ ከልቅሶ በምን ይለያል?

መምህርቷ እናትየዋን እጇን ይዛ ወደ ክፍል ወሰደቻት። ትርንጎም ተከተለቻቸው። መምህርቷ ቁም ሣጥኑን ከፍታ አቧራ የጠጣ የወረቀት ክምር አወጣች፤ የትርንጎን እየለየች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የሦስት ዓመት ወረቀት። እናትየዋ ስታያቸው ፊቷ በራ።

«አንድም እድፍ የለበትም» አለች።

«የለበትም» አለች መምህርቷ። «አንድም ፊደል የለበትም። እነዚህ እኮ የሚጻፍባቸው ነበሩ፣ እናቴ። እኔ ሰማንያ ልጅ ይዤ ለአንዷ የምደርሰው በስንት ቀን አንዴ ነው። ቤቷ ትለማመድ ብዬ ነው የምልከው።» ወዲያው ወረቀቶቹን እያየች፣ እኔም ገልጬ ማየት ነበረብኝ አለች።

የትርንጎ እናት ወንበር ሲሰጧት አልተቀመጠችም። ምን እንደሚል ያንብቡልኝ አለች። መምህርቷ አንዱን አንሥታ አነበበች፤ ቤታችሁ ያለው ጀሪካን ስንት ኩባያ ውሃ ይይዛል? ከእናትሽ ጋር ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፊ። ሌላውን አነሣች፤ ዛሬ የተማርሽውን ታሪክ ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። አንድ ሌላ ጨመረች፤ እናትሽ በልጅነቷ ምን ትጫወት እንደነበር ጠይቂያት፣ የነገረችሽን ጻፊ።

ጀሪካን? ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትሸከም፣ ውሃ ስትቆጥብ የኖረች ሴት ናት። ልጅነቷን? ከእሷ ሌላ ማን ሊመልሰው? ፊደል የጠየቃት ሰው የለም። የተማረ ሰው ጉዳይ ነው ብላ የፈራችው ወረቀት፣ በየዓርቡ እየመጣ የሚጠይቀው እሷኑ፣ ያልተማረችውን ሴት፣ የምታውቀውን ነገር ነበር።

«ይሄን እኮ እነግራት ነበር» አለች። «ማንም አልነገረኝም።»

ትርንጎ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«እኔ ነግሬሻለሁ» አለች።

አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ስንት ሰዓት ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው እንዲያው መለሰች።

እናትየዋ ወረቀቶቹን በነጠላዋ ቋጥራ ወደ ቤቷ ወሰደች። በማግስቱ ሥራ አልወጣችም። የልጅነቱን ነገር የሚጠይቀውን ወረቀት እንዳይጠፋባት ጫፉን አጥፋ ለይታዋለች። ልጇን አጠገቧ አስቀመጠችና ነገረቻት። ልጅ ሆና ከእኅቷ ጋር ወንዝ ዳር ለስላሳ ጠጠር እየመረጡ ቅልልቦሽ ይጫወቱ እንደነበር፣ እኅቷ ሁልጊዜ ታሸንፋት እንደነበር፣ ያቺ እኅት በኩፍኝ እንደሞተች፣ ከዚያ ወዲያ ጠጠር ይዛ እንደማታውቅ። ትርንጎ አክስት እንደነበራት የሰማችው ያን ቀን ነው። አፏን ከፍታ ሰማቻት። በሦስት ዓመት ውስጥ እናትና ልጅ እንዲያ ተጠጋግተው አያውቁም ነበር።

«በይ አሁን ጻፊው» አለች እናቷ።

ትርንጎ እርሳሱን ያዘች። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው።

«ከየት እንደሚጀመር አላውቅም፣ እማዬ።»

ከዚያ በኋላስ ትላላችሁ። ትርንጎ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ተቀምጣ እንደገና እንድትማር ተፈቀደላት። ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ አለ። ዶሮ እያሉ ጠሯት። ሦስት ሳምንት ቻለች፤ በአራተኛው አልሄድም አለች። እናቷ ለመነች፣ መታች፣ እንደገና ለመነች። አልሆነም። ዛሬ ሁለቱም ልብስ ያጥባሉ፤ እናቷ ታሻለች፣ ትርንጎ ታሰጣለች። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ማንበብ ቻለች እስክትባሉ እየጠበቃችሁ ከሆነ አትጠብቁ። አልቻለችም።

ምስኪን፣ አለማወቅ ነው፣ ምን ታድርግ የምትሉ አላችሁ። እኔ ግን አልቀበለውም። አለማወቅ ቢሆንማ ኖሮ የመጀመሪያው ዓርብ ይበቃት ነበር፤ ልጅቷ ነግራታለች። ማክበር መስሏት ነው። አከበረችው፣ አከበረችው፣ እስኪሞት ድረስ አከበረችው።

እናንተስ? እኛስ? በየእሑዱ ቃሉ ይነበብልናል፤ በመጨረሻው አሜን እንላለን። አሜን ስትሉ ፈርማችኋል እኮ። ከዚያ ቃሉን እንዳለ ይዛችሁ ትገባላችሁ። የቤታችሁ ጠብ አይነካውም። የአማትና የምራት ነገር አይነካውም። የሠራተኛችሁ እንባ፣ የጎረቤታችሁ ረኃብ አይነካውም። ቅዱስ ነዋ፤ እንዴት እዚያ ውስጥ እናስገባዋለን? በሳምንቱ ንጹሑን ይዛችሁ ትመጡና ሌላ አሜን ትጨምሩበታላችሁ። የፈረመ ሁሉ የሠራ ይመስላችኋል? ይቅር በሉ ሲባል ስንት እሑድ አሜን አላችሁ? ከመካከላችን ማን ማንን ይቅር አለ?

አልተማርንም፣ ምሥጢሩ ጥልቅ ነው አትበሉ። የተጠየቃችሁት የሊቅ ነገር አይደለም። ጎረቤትሽ አልጋ ይዛለች፤ ውሃ ቅጂላት ነው የተባልሽው። ልጅህ ሊነግርህ የፈለገው ነገር አለ፤ ስልክህን አስቀምጥና ስማው ነው የተባልከው። የሚነግራችሁም ሰው አጥታችሁ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ አለ። ምናልባት ትንሽ ስለሆነ፣ ምናልባት ተቆጥታችሁት ዝም ስላለ ነው የማትሰሙት። ዝም ያለ ልጅ የተስማማ ይመስላችኋል። አልተስማማም፤ ተስፋ ቆርጦ ነው።

ጊዜ አለን እንዳትሉ። ሦስት ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ አይታችኋል፤ ተፈርሞበት፣ ተጨብጭቦበት ነው የሚያልፈው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ከእኅቷ ጋር ሳትነጋገር ሦስት ፋሲካ ያለፋት አንዲት ሴት አለች። ማን እንደሆነች ራሷ ታውቃለች። አንቺ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጪ ወደ ቤትሽ አትሂጂ። ወደ እሷ ሂጂ። በሩን አንኳኪ። የምትናገሪው ቢጠፋሽም አንኳኪ። ላትከፍትልሽ ትችላለች፤ ዘግይተሻልና አልፈርድባትም። አንቺ ግን በሩ ላይ ቁሚ።