አያ አሊጋዝና ከካቡ ሥር ያለው ጉድጓድ

በወሎ፣ ከቆላው አፋፍ ላይ ባሉ መንደሮች፣ አንድ ሰው በድሮ ስሙ ተማምኖ የዛሬውን ነገር ሳያጣራ ሲፈርድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጋል። የተባለለትም ሰው ነገሩን ተመልሶ ያጣራል። አባባሏን ብዙዎች ያውቋታል፤ መነሻዋን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የሰማሁት ጥቁር ውሃ ከምትባል መንደር ከመጣ ሸማኔ ነው። እሱም በቦታው ከነበሩት ከአባቱ ሰምቶ ነው።

በጥቁር ውሃ አያ አሊጋዝ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ኑሯቸው በእርሻ ነው፤ ስማቸው የወጣው ግን በጣዝማ ነው። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ ከዝንብ የምታንስ፣ የማትናደፍ ንብ ናት። ማሯን ሰው ለሳልና ለደረት ሕመም መድኃኒት ነው ብሎ አጥብቆ ይፈልገዋል፤ እንደ ልብ ግን አይገኝም። የጉድጓዷ አፍ ከሸንበቆ ቀዳዳ ብዙ አይሰፋምና ካጠገቡ ቆሞ ሳያየው የሚያልፈው ሰው ይበዛል። አያ አሊጋዝ በጉልምስናቸው ጊዜ እያረሱ ሳሉ በሬዎቹን አቁመው፣ "እዚህ ጋ አለች" ብለው የሚቆፍሩ፣ ቆፍረውም የማያጡ ሰው ነበሩ። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ይጠራቸዋል። በሠርግም በለቅሶም ከመንደሩ ሼህ ቀጥሎ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ።

ዕድሜያቸው ስድሳን ከዘለለ በኋላ ዓይናቸው ደከመ። መጀመሪያ የሩቁ፣ ቆይቶም የቅርቡ ነገር ጉም ለበሰባቸው። ይህን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። ሰውን በድምፁ፣ መንገዱን በእግራቸው ልማድ እየለዩ ሁለት ዓመት ኖሩ። ጣዝማ ፈልጉልን ሲባሉም፣ "ዘንድሮ ዝናቡ አጥፍቷታል" እያሉ ያልፉታል። ማንም አልጠረጠራቸውም።

በዚያው መንደር ይማም የሚባል ገበሬ ነበር። እናቱ እማ ዘይነባ በክረምት የያዛቸው ሳል ኅዳር ገብቶም አልለቀቃቸውም። ሲስሉ ድምፃቸው ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ቅቤውም፣ ፌጦውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ተሞክሯል። የምታስታምማቸው የይማም ሚስት ሉባባ ነበረች። ከሌላ አገር ተድራ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ገና አልወለደችም፤ ቁጥብ ስለሆነችም መንደሩ አልለመዳትም።

አንድ ጁምዓ ከስግደት በኋላ ሰዎች እማ ዘይነባን ሊጠይቁ መጡ። ሴቶቹ ወደ ውስጥ ገቡ። አያ አሊጋዝ፣ ሼህ ሙሄና አራት አምስት ወንዶች ደግሞ ደጅ፣ ከድንጋዩ ካብ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። ጨዋታው ስለ ማሽላው ነበር። በመሐል አያ አሊጋዝ እጃቸውን አነሡ።

"ዝም በሉ እስቲ!"

ሁሉም ዝም አለ። ከካቡ ሥር ቀጭን የክንፍ ድምፅ ይሰማል።

"ይማም፣ መድኃኒቱ ደጅህ ተቀምጦልህ አንተ አገር ላገር ትዞራለህ። ጣዝማ ናት!"

ይማም ብድግ አለ። "የት ጋ? አያ፣ የት ጋ?"

"ከካቡ ሥር ነዋ። ድምጿ አይሰማህም?"

ሉባባ የሚጠጣ ውሃ ይዛ ስትወጣ ይህን ሰማች። ማሰሮውን አስቀምጣ ወደ ካቡ ጠቆመች።

"አያ፣ እኔስ ጣዝማ አይመስሉኝም" አለች። "ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሁልጊዜ አያቸዋለሁ። ትልልቅ ናቸው፤ ቢጫ መቀነት አላቸው። ባለፈው ሳምንት ጥጃዋን ነድፈው አፍንጫዋ አብጦ ሰነበተ።"

"ጥጃዋን የነደፋት ንብ ነው" አለ ይማም።

አያ አሊጋዝ ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ ለመሆኑ ጣዝማ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። እነዚህን ግን አይቻለሁ።"

"እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጣዝማ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ" ሲሉ ወንዶቹ ሳቁ። ይማም በሚስቱ አፍሮ፣ "በቃ፣ ወደ ቤት ግቢ!" አላት። እሷም ገባች።

ሼህ ሙሄ ግን አልሳቁም። ወደ አያ አሊጋዝ ጠጋ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ፣ "አሊጋዝ፣ አንተ አይተሃቸዋል?" ሲሉ ጠየቁ።

አያ አሊጋዝ ለአፍታ ዝም አሉ። እውነቱን ለመናገር ያቺ አፍታ ትበቃ ነበር። ነገር ግን የሰዉ ሳቅ ገና በጆሯቸው ነበር፤ ይማምም ዶማ ሊያመጣ ሮጦ ሄዷል።

"እኔን ነው ጣዝማ አየህ ወይ የምትለኝ?" አሉ።

"አይ፣ እንዲያው ነው" ብለው ሼሁም ተዉት።

ዶማው መጣ፤ ሁለት ድንጋይ ተነሣ። ጉድጓዱ ቡጢ የሚያስገባ ነበር። ከወንዶቹ አንዱ፣ "አያ፣ ይኼ ሰፋ አላለም?" ቢላቸው፣ "ያረጀ ቤት ነው፤ ያረጀ ቤት ማር ይበዛዋል" አሉት። ከዚያ በእጃቸው ዳብሰው ተንበረከኩ፤ ጣዝማ እጅ አትነካም ብለው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱት።

የወጣው ተርብ ነበር። እንደ ገብስ ቆሎ ከሞቀ ምጣድ ላይ እየዘለለ ወጣ። አያ አሊጋዝ እጃቸውን ሲመዙት ክንዳቸው ላይ ሰፍሮ አብሮ ወጣ፤ ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ ከንፈራቸውን ነደፋቸው። ወንዶቹ ማሽላው ውስጥ ገብተው ተበታተኑ። ይማም ጋቢውን ገፎ ሊያለብሳቸው ቢሞክር እሱም በአራት በአምስት ቦታ ተነደፈና ጋቢውን ጥሎ ሸሸ። በዕውር ድንብር የሚሄዱት ሽማግሌ ከካቡ ጋር ተጋጭተው ወደቁ።

ሉባባ ድምፁን ሰምታ ስትወጣ ተርቡ ወደ በሩ ይመጣ ነበር። ተመልሳ መጀመሪያ እማ ዘይነባን ከነራሳቸው በብርድ ልብስ ሸፈነች፤ ከምድጃው የሚጤስ ኩበት ዘግና ወጣችና ሴቶቹን ውስጥ ትታ በሩን ከውጭ ዘጋች። ቀጥላ ኩበቱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ደፋችው። ጭሱ ሲነሣ በነጠላዋ ተጠቅልላ አያ አሊጋዝን ብብታቸው ሥር ይዛ ጎተተቻቸው። እሷም ሳትነደፍ አልቀረችም።

አያ አሊጋዝ ዓይናቸው ተደፈነ፤ ምላሳቸው አብጦ አፋቸውን ሞላው፤ ትንፋሻቸው ያፏጭ ጀመር። በቃሬዛ አድርገው ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሮጡ። ባለሙያው መርፌ ከወጋቸው በኋላ፣ "ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ቃሬዛውን የምትወስዱት ወደ ቀብር ነበር" አላቸው። አራት ቀን ተኙ።

በነዚያ አራት ቀናት መንደሩ ሌላ ወሬ ወለደ። አያ አሊጋዝ ጣዝማ ሊስቱ አይችሉም፤ ስተው አያውቁም። ስለዚህ ጣዝማ ነበረች ማለት ነው። እንግዲህ ማን ወደ ተርብ ለወጣት? አንዷ ሴት፣ "ያቺ ገና ከመቆፈሩ በፊት ቢጫ መቀነት አላቸው ብላ አሟረተች አሉ" አለች። ሌላዋ፣ "ምላሷ ጥቁር ነው፤ ማህፀኗስ ለምን ተዘጋ?" ብላ ጨመረች። በሦስተኛው ቀን ውሃ ስትቀዳ ከምንጩ ዳር ያሉት ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ገለል አሉባት። ይማም ይህን ሁሉ ሰምቷል። የፊቱ እብጠት ገና አልጎደለም፤ እሷ እንዳልዋሸች ያውቃል፤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። በአራተኛው ቀን ሉባባ ልብሷን በአንድ ኩታ ቋጠረች። ለእማ ዘይነባ፣ "ለምሳዎ የሚሆን ሠርቻለሁ። ከሰዓት ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ" አለቻቸው። እማ ዘይነባ እጇን ይዘው አለቀሱ።

አያ አሊጋዝን ከጤና ጣቢያ በበቅሎ የወሰዷቸው ሚስታቸው ናቸው። በመንገድ ላይ የመንደሩን ወሬ እንደ ቀላል ነገር ነገሯቸው። ሽማግሌው በቅሏቸውን ያዝ አደረጉ።

"እሷን ነው ሟርተኛ ያሏት?"

"ታዲያ ማን ይሁን? አንተ እንደሁ ጣዝማ አትስትም።"

"ወደ ቤት አትውሰጂኝ" አሉ። "ይማም ቤት ውሰጂኝ።"

መምጣታቸው ሲሰማ ሰው እንኳን አላህ አተረፈዎ ሊል ይማም ደጅ ተሰበሰበ። አያ አሊጋዝ ሳይቀመጡ፣ "ሼህ ሙሄ አለ?" አሉ።

"አለሁ" አሉ ሼሁ።

"የዚያን ቀን አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር፤ አሁን ልመልስልህ። አላየሁም። ተርቡን አላየሁም፤ ጉድጓዱንም አላየሁም። ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል።"

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ፣ "አያ፣ መርዙ ነው እንዲህ የሚያናግርዎ" አለ።

"እንግዲያውስ አንዳችሁ ሳትናገሩ ፊቴ ቁሙ" አሉ። አንድ ሰው ወጥቶ ቆመ። አያ አሊጋዝ ፊታቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ሁሉም ያያቸዋል። "ወንድ መሆኑን ቁመቱ ይነግረኛል" አሉ በመጨረሻ። "ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።"

የቆመው የራሳቸው የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነበር።

"ሉባባ የታለች?"

ሉባባ ቋጠሮዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እዚህ ነኝ፣ አያ።"

"ልጄ፣ አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ፤ እኔ ያላየሁትን። ስሜ እንዳይወድቅ ብዬ ክንዴን ጉድጓድ ሰደድኩ፤ ያንቺን ስም ግን ከእኔ ጋር ጎተትኩት። ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አለች ሉባባ። ቋጠሮውን ግን አላስቀመጠችም። ወደ ባሏ ዞረች።

ይማም አቀርቅሮ፣ "እኔም ጥፋተኛ ነኝ" አለ። "አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

"ነገ ጠዋት እማን ወደዚያ ጤና ጣቢያ ከወሰድካቸው እቀመጣለሁ" አለችው። "ጣዝማ እየጠበቁ እስኪሞቱ አልቀመጥም።"

ይማምም በማግስቱ እናቱን በቃሬዛ ወሰደ። ከዚያ ባመጡት መድኃኒት የእማ ዘይነባ ሳል ቀስ በቀስ እየቀለለ ሄደ፤ በልግ ሲገባ ደጅ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ።

የዚያን ዕለት ግን ሰው ሊበተን ሲል፣ ካብ ሥር ሲስቁ ከነበሩት አንዱ፣ "ሼህ፣ ያን ያህል ስም ያለው ሰው እንዴት ተርብን ከጣዝማ አይለይም?" ብሎ ጠየቀ። ሼህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን ሰብስበው ሲነሡ፣ "እኛም ሉባባን ትተን ስሙን አምነን ነው የቆፈርነው" አሉና፣ "ዝና ዓይን አይሆንም፤ ተርብም ጣዝማ አይሆንም" አሉት።