የሙሽራዋ ጅግራ ሥዕልና ሁለቱ ካርዶች

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ነገሩ የድሮ ነው፤ እንስሳት ኮምፒውተር ያበሩ፣ ዕቃም እንደ ሰው ይናገር የነበረ ጊዜ።

በአንድ መንደር አያ ጃርት ሥዕል ቤት ከፍቶ ይኖር ነበር። ኮምፒውተሩን የሚከፍተው እሱ ነው እንጂ የሚሥለው በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ትንሽ ግራፊክስ ካርድ ነበር። ካርዱ ርካሽ ነው። ሙቀቱን የምታበርድለት አንዲት ማራገቢያ ብቻ ናት፤ እሷም ሥራ ሲበዛባት ቅርርር ትላለች።

ከመንገዱ ባሻገር ደግሞ እመት ጦጢት ሥዕል ቤት ከፈተች። የእሷ ካርድ ውድ፣ ትልቅ፣ ባለ ሦስት ማራገቢያ ነው።

አንድ ክረምት እመት ጅግራ ልጇን ዛጎሊትን ልትድር ተነሣች። የሙሽራው እናት ግን ከወንዝ ማዶ እንዲህ ስትል ላከችባት።

«የልጅሽ ክንፍ ነጠብጣብ ይጎድለዋል ሲሉ ሰማሁ። ወንዙ ሞልቶ መጥቼ ላያት አልቻልኩም። ምንም ያልተጨመረበት፣ ምንም ያልተቀነሰበት ሥዕሏን ላኪልኝ፤ አለዚያ ሠርጉ ይቅር።»

እመት ጅግራ ወደ አያ ጃርት ስትሄድ እመት ጦጢት በር ላይ ደረሰችባት።

«ምነው እቴ፣ ልጅሽን ጠላሻት? የጃርት ካርድ እኮ ርካሽ ነው። ቀለም ያደበዝዛል፣ ጥላ ያጣምማል፣ ነጠብጣብ ይዘላል።»

የጅግራ ልብ ለሁለት ተከፈለ። «እንግዲያው ሁለታችሁም ሣሉልኝ፤ ሽማግሌ ይፍረድ» አለች።

«የተሸነፈው ካርድ ለቁራሌው ይሰጥ» አለች ጦጢት።

አያ ጃርት እሾሁን አቁሞ «ይሁን» አለ። ወዲያው አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ቁራ ጆንያውን አንጠልጥሎ መጣና በር ላይ ቆመ።

የዛጎሊት መልክ ለሁለቱም ኮምፒውተሮች እኩል ተሰጠ፤ የቱ ነጠብጣብ የት እንዳለ፣ ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ። ትልቁ ካርድ እፍ አለና ዶሮ ጥሬ ለቅማ ሳትውጥ ጨረሰ። ትንሹ ካርድ ገና የዛጎሊት ጭራ ላይ ነበር።

«ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» አለ ቁራ።

ትንሹ ካርድ ጋለ። ማራገቢያዋ ቅርርር አለች። ካርዱ የዛጎሊት ጀርባ ላይ ሲደርስ ቁራ ጆንያውን እያራገፈ «ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» አለ።

ትንሹ ካርድ ፈራ። «ከክንፏ ሥር ያሉትን ነጠብጣቦች ብዘላቸውስ ማን ያያል?» ሲል አሰበ። መልሶ ደግሞ «ልጅቷ በእኔ ስንፍና ጎዶሎ ትባል?» አለና አንድ በአንድ ሣላቸው። ቁራ ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሲከፍት፣ ሥዕሉ አለቀ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እስስት አንዱን ዓይኑን በአንዱ ሥዕል፣ ሌላውን በሌላው ላይ አድርጎ «ቀለሙ አንድ ነው» አለ። ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲመላለስ የኖረው እንሽላሊት «ጥላው አንድ ነው» አለ። ንስር ሁለቱን ደራርቦ ወደ ብርሃን ያዘና «ነጠብጣቡም አንድ ነው። አሁንማ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ» አለ።

እመት ጦጢት ወደ ካርዷ ዞረች። «ታዲያ ሦስቱ ማራገቢያ ምን ሠራልኝ?»

«እመቴ፣ እኔ የምበልጠው በፍጥነት ነው» አለ ትልቁ ካርድ። «ትእዛዙ አንድ ከሆነ የምንሥለውም አንድ ነው። ይዘላል ያልሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አላልኩም።»

ጦጢት ጭራዋን ማከክ ጀመረች። ቁራም ባዶ ጆንያውን ይዞ ሄደ።

ንስር ከሁለቱ እጁ የገባለትን ሥዕል ይዞ ወንዙን ተሻገረ። የሙሽራው እናት ነጠብጣቡን ስትቆጥር፣ ስትቆጥር ደከማትና «ሙሽራዬስ ሙሉ ናት» አለች።

ወንዙ ሲጎድል ሠርጉ ተደገሰ። ጅግሮቹ ሲጨፍሩ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አስፈለገ። ትንሹ ካርድ ሞከረና ጨፋሪዎቹ በየመሀሉ ድርቅ እያሉ አስቸገሩት።

«ወንድሜ፣ ይህን አንተ ያዘው፤ እኔ አልደርስበትም» አለው ትልቁን።

«አንተ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ያዝ» አለው ትልቁ። ጭፈራው እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ሙሽሮቹም በየቤቱ ግድግዳ ላይ አማሩ። ጦጢትና ጃርት ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ።

ዋጋ እግር ያፈጥናል እንጂ መንገድ አያቃናም። ተረቴን ለእናንተ ሰጠሁ፤ ጉሮሮዬ ደርቋልና ውሃ አቀብሉኝ።