አጥሚት ሻጯና በራሱ የሚሄደው መልእክት

አንዲት ሴት ነበረች፤ አጥሚት ሻጭ።

አጃውንና ገብሱን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ ለአራሶች ትሸጥ ነበር። ሦስት ልጆቿ የሚበሉትም የሚለብሱትም ከዚያው ነው። ባል አልነበራትም፤ ሌላ ሥራም አታውቅም።

ሰናይት፣ የጠየቅሽኝን ዘንግቼው አይደለም። የሕፃን ማቀፊያ የምትሰፊበትን የጨርቅ መግዣ ለስልክ ማስታወቂያ ላውለው ወይ ብለሽኛል። ትንሽ ታገሺኝ፤ ወደዚያው ነው የምሄደው።

ይቺ ሴት አንድ ልማድ ነበራት። በሰፈሯ አንዲት ሴት ስትወልድ፣ አጥሚት ገዛቻትም አልገዛቻትም፣ በሦስተኛው ቀን የፈላ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትሄዳለች። በር ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፤ እጇን ትታጠባለች። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሕፃኑ ነው። ማንን መሰለ፣ ፀጉሩ እንዴት ነው፣ ጣቱ እንዴት ነው ይባላል። እሷ ግን ወደ ሕፃኑ ዞር አትልም። መጀመሪያ እናትየዋ አጠገብ ትቀመጥና ፊቷን ታያለች። ተኝታ ነው ወይስ ሳትተኛ ነው ያደረችው? አልቅሳ ይሆን? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላታለች። ሙስሊም ከሆነች ደግሞ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ትላለች። ኩባያውን ጠጥታ እስክትጨርስ ትጠብቃታለች። «በሉ እስቲ ያንን እንግዳ አሳዩኝ» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲጠጡ እያየች ነው ሙያዋን የተማረችው። አንዷ ከሽታው ፊቷን ካዞረች ዝንጅብሉን ትቀንስላታለች። በኦፕራሲዮን ለወለደችው ታቀጥንላታለች። ወተቴ አልመጣ አለ ላለቻት አብሽ ትጨምራለች። ለሁለት ቤት አንድ ዓይነት አጥሚት አትልክም ነበር። ሴቶቹም ለእህታቸው፣ ለምራታቸው፣ መሥሪያ ቤት አብራቸው ለምትውለው ይነግሩላታል። እንዲህ እየተባለ ልጆቹ አደጉ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ደንበኞቿ ተበተኑ። ማን እንዳረገዘች፣ ማን እንደወለደች የሚነግራት ጠፋ። የቆላችው አጃ በሁለት ጆንያ እንዳለ ቆመ። ነቀዝ እንዳይገባው በየጠዋቱ እየከፈተች ታሸተዋለች፤ ትዘጋለች፤ መለስ ብላ ደግሞ ትከፍተዋለች። ልጆቹ እንዳያዩዋት ትጠነቀቅ ነበር፤ ልጅ ግን የእናቱን ፍርሃት ያያል።

ስልክ ላይ ብልህ የሆነች የእህት ልጅ ነበረቻት። አንድ ቀን መጣችና፣

«አክስቴ፣ አንቺ በእግርሽ በቀን ሦስት ቤት ትገቢያለሽ። እኔ ቁጭ ባልሽበት ሦስት ሺህ ቤት አስገባሻለሁ» አለቻት።

«ሦስት ሺህ ቤት ገብቼ ምን እላለሁ?»

«አንቺ ምንም አትበዪ! የሚለው ስልኩ ነው።»

ልጅቷ ቃሏን ጠበቀች። የአጥሚቱን ፎቶ አሳምራ አነሳች፤ ቴሌግራም ላይ ገጽ ከፈተች። እርጉዝ ሴቶች ስማቸውን፣ ስልካቸውንና የመውለጃ ቀናቸውን ሲሞሉ ቅናሽ ያገኛሉ። ቀኑ አልፎ ጥቂት ሲቆይ የእንኳን ደስ ያለሽ መልእክት በራሱ ይሄዳል። ደንበኛዋ ካላዘዘች በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ይከተላል። ልጅቷ ሁለቱንም መልእክት ጽፋ ለአክስቷ አነበበችላት። አክስትየዋም ሰምታ «ጥሩ ነው» አለች። ይህን ያዢልኝ፤ ጥሩ ነው ያለችው ራሷ ነች።

በመጀመሪያው ወር ሁለቱም ጆንያ አለቀ። ሞተረኞች እየመጡ ይወስዳሉ፤ እሷ እያሸገች ትሰጣለች። ለሁሉም አንድ ዓይነት አጥሚት፣ አንድ ዓይነት ከረጢት። ማን ጠጣው፣ ማን ደፋው፣ አታውቅም። ይልቅ ሌላ ነገር ማወቅ ጀመረች፦ ስንት ሰው እንዳየው። ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይላታል፤ ቀጥ ሲል ደጋግማ ትከፍተዋለች። ወጥ እያማሰለች ስልኩን ታያለች። ልጇ እያናገራት ስልኩን ታያለች። በሁለተኛው ወር ትእዛዙ በግማሽ ሲቀንስ የእህቷ ልጅ «መልእክት እናብዛ» አለች፤ አበዙ።

አንድ ቀን ከድሮ ደንበኛዋ መልስ መጣ። «እትዬ፣ ዘሃራ ነኝ እኮ! ማርያም ማረችሽ ትዪኝ ጀመር? ረሳሽኝ እንዴ?» ይላል፤ ከጎኑ የሚስቅ ፊት አለበት። ሁለት ጊዜ ስትወልድ ቤቷ ሄዳ ያጠጣቻት ሴት ናት። የእህቷ ልጅ በሳቅ ፈረሰች። «ችግር የለም፣ ስም እያየ እንዲለይ አደርገዋለሁ» አለች። አጥሚት ሻጯ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ምሳ አልበላላትም።

ከሳምንት በኋላ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቿን ሸኝታ ስትመለስ ስልኩ ላይ ሌላ መልስ አገኘች። የላከችው የቀድሞ ጎረቤቷ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገባች፣ የመጀመሪያዋን ያረገዘች። ከሦስት ቀን በፊት ስልኩ በራሱ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ፎቶ ልኮ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጅሽ ስንት ኪሎ ሆነ? ሁለት ለገዛች አንድ በነጻ!»

መልሱ አጭር ነው። «አልመዘኑትም። ሳያለቅስ ነው የወጣው።»

ከሥሩ ደግሞ ስልኩ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወዲያው መልሶ ጽፏል። «ስለ መልስዎ እናመሰግናለን! ስንት ከረጢት እንላክልዎ?»

አጥሚት ሻጯ ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው መልእክት ይሄዳል። ምን እንደሚል በቃሏ ታውቀዋለች፤ ጥሩ ነው ብላዋለች። «ልጅሽ እየጠበቀ ነው! ቅናሹ ዛሬ ያበቃል» ይላል።

የእህቷ ልጅ ጋ ደወለች። ዝግ ነው። ለሠርግ ገጠር ወርዳለች። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። ስልኩን ከዚህም ከዚያም ነካካች። የይለፍ ቃል ጠየቃት፤ ያንን የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። ወደ ጎረቤቷ ልጅ ደወለችና ሳይነሳ ዘጋችው። ምን ልትላት ነው? «ይቅርታ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ይመጣልሻል» ልትላት?

ጆንያው ፊት ቆመች። ልጅ ወደሌለበት ቤት አጥሚት ይዞ መሄድ ስድብ አይሆንም? ባዶ እጅ መሄድስ? ቆይታ፣ ቆይታ፣ «ወልዳለች እኮ» አለች ለራሷ። «ልጁ ባይኖርም አራስ ናት።» ቀጠን አድርጋ አፈላችና በፔርሙዝ ይዛ ወጣች።

የሚኒባሱ ሰልፍ ረጅም ነበር። ስትገባ ሦስት ተኩል አለፈ። መንገዱ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ እሷም የሷን ታያለች፣ ሰዓቱን ለማየት ብቻ። አራት ተኩል ሲሆን «ወራጅ!» ብላ ወረደችና በእግሯ ገሰገሰች። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ። አንዱን ጠየቀች፣ ወደ ላይ አላት፤ ሌላዋን ጠየቀች፣ ወደ ታች መለሰቻት። አራተኛ ፎቅ ወጥታ በሩን ስታንኳኳ ለአምስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

በሩን የከፈቱት የአራሷ እናት ናቸው። አዩዋት፤ ፔርሙዙን አዩ።

«ዛሬስ ስንት ለገዛ ነው በነጻ የምትሰጪው?» አሏት።

«ልሸጥ አልመጣሁም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? ኪሎውን ልትጠይቂ ነው?»

«ይስደቡኝ፤ ይገባኛል። ግን ያስገቡኝ፣ ከስልኩ ቀድሜ ልድረስ።»

እማማ ነገሩ አልገባቸውም። ግን ላቧን አዩ፤ ፈቀቅ አሉላት።

ጫማዋን አወለቀች። እጇን ታጠበች። መኝታ ቤቱ ውስጥ በአልጋው ጎን የተጣጠፉ ትንንሽ ልብሶች ነበሩ፤ ነጠላ ተጥሎባቸዋል። የገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ደንግጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እሷ ግን ልማዷ አዳናት። ወደዚያ አልዞረችም። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ የአራሷን ፊት አየች። ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗ አብጧል። የለበሰችው ልብስ ደረቱ ላይ ርሷል፤ ልጁ ባይኖርም ወተቱ መጥቶ ነበር።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለቻት።

«ለምን?»

«አሁን ሌላ ይመጣል። የላክሁት እኔ ነኝ። ማስቆም አላወቅሁበትም።»

ሴትየዋ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከትራሷ ሥር ስልኩን አውጥታ ሰጠቻት። እጇ ላይ እንዳለ ነዘረ። አጥሚት ሻጯ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ሥር አደረገችው።

«ምን ይላል?»

«አልነግርሽም።»

ከዚያ አጥሚት ሻጯ፣ ያ ቃል እንዴት እንደሚወጣት ሳታውቅ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች። «አንቺን።»

«ስልክሽም እንዲሁ ነው ያለኝ።»

«አዎ፣ ብሎሻል። እሱ ግን አላየሽም። እኔ ይኸው እያየሁሽ ነው።»

ሴትየዋ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ። እናቷ ከበሩ ሆነው «ተመስገን፣ አለቀሰችልኝ» አሉ፤ ከሆስፒታል ከተመለሰች እንባ አልወጣትም ነበር። ለቅሶው ሲበርድ አጥሚት ሻጯ በኩባያ ቀዳችላት። ግማሹን ጠጣችና ፊቷን አኮሳተረች።

«ዝንጅብሉ በዝቷል።»

«ነገ እቀንሰዋለሁ።»

በማግስቱ ቀንሳ መጣች። ሰባት ቀን ተመላለሰች፤ ምንም አልሸጠችም።

የእህቷ ልጅ ከሠርጉ ስትመለስ፣ በራሱ የሚሄደውን ሁሉ አጥፊው አለቻት።

«አክስቴ፣ ገበያው ይወርዳል።»

«ይውረድ» አለች። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሌላው ሰውነቷ ፈርቷል። እውነትም ወረደ። ጆንያውን በየጠዋቱ እየከፈተች ማሽተት እንደገና ጀመረች። ስልኩን ግን አልጣለችውም። የት እንደምትገኝ በእሱ ትናገራለች፤ የጻፈላትን ሰው ራሷ ትደውልና ድምፁን ትሰማለች። በየቅዳሜው አንድ ኮንዶሚኒየም መርጣ ፔርሙዟን ይዛ ትሄዳለች። አንዳንዱ ቅዳሜ ሁለት ቤት ገብታ፣ ምንም ሳትሸጥ ትመለሳለች። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ «ተሳስቼ ይሆን?» ትላለች። ይህንን አልደብቅሽም።

በዓመቱ ስልኳ ጮኸ። ያቺው ሴት ናት።

«እትዬ፣ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ፈርቻለሁ። ከባሌና ከእናቴ ሌላ ለማንም አልተናገርኩም።»

«እኔ ጋ ምነው ደወልሽ ታዲያ?»

«ምን ይታወቃል፤ እንደዚያኛው ከሆነስ? የሆነው ቢሆን አንቺ ትመጫለሽ» አለች። ቀጥላም፣ «ዝንጅብሉን እንዳትረሺ» አለች።

እንግዲህ ሰናይት፣ ታሪኩ ይኸው ነው። የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽና መልሱንም ላንቺው ልንገርሽ።

አጥሚት ሻጯ አንቺ ነሽ። ጨርቅሽ አጥሚቷ ነው፤ ማቀፊያሽም የሚሄደው እሷ ወደምትሄድበት ቤት ነው። ተከታይ እያልሽ በየደቂቃው ቁጥሩን የምታዪለት ሕዝብ ያ ስሙንና ቀኑን የሞላው ሕዝብ ነው። ቀኑን ሰጥቶሻል እንጂ በዚያ ቀን ምን እንደደረሰበት ገና አልነገረሽም። ይህንን የሚነግርሽ ፊቱን ስታዪለት ነው። አንዴ ካየሽለት ደግሞ ሳትጠሪው ራሱ ይደውልልሻል፤ ያቺ ሴት የደወለችው ቅናሽ ሰምታ አይደለም።

የጨርቁን መግዣ ለጨርቁ አውዪው። ስልክሽን አትጣይ፤ ግን ራስሽ በሩ ላይ ቆመሽ የማትዪውን ነገር እሱ ሄዶ እንዲልልሽ አታድርጊ። ገበያው ይዘገያል፤ ትፈሪያለሽ። ፍርሃቱ አይቀርልሽም፤ እሷም አልቀረላትም። ያቺ አንደኛ ፎቅ ያለችው፣ ባለፈው ወር ሁለት ማቀፊያ የገዛችሽ፣ ቀኗ አልፏል። መውለዷንም አለመውለዷንም ሰምተሻል? አልሰማሽም። እንግዲያው ስልኩን እዚሁ አስቀምጪና ሂጂ። ስትገቢ ወደ አልጋው ጎን አትዪ። መጀመሪያ እሷን እያት።