የሚናራዋ ጨረቃና ያላደረው አሸዋ

ሼህ ሙዘሚል፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በአንዲት የድሮ ከተማ ናስ እያቀለጡ የሚተዳደሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቁርኣን ከአፋቸው፣ አሸዋ ከጥፍራቸው አይጠፋም። ደግ ሰው አይቆጣም የምትሉ ካላችሁ ስሙኝማ፤ ይህን ሳወራ እኔንም ደሜ ይፈላል።

ለመስጂዱ ሚናራ የናስ ጨረቃ ሊሠሩ ነው። ጁምዓ እንድትሰቀል አገሩ ሁሉ ቋምጧል። ናሱ የሚፈስበትን የአሸዋ ቅርጽ የሚያዘጋጀው ሸሪካቸው ኑርዬ ነው። አሸዋው በወንፊት ይነፋል፣ በጥቂት ሸክላ አፈርና ውሃ ይታሻል፣ ከዚያ እርጥበቱ እኩል እንዲዳረስ ተሸፍኖ ያድራል። በማግስቱ ጨብጠው ሲለቁት እጅን ንጹሕ ትቶ ከወረደ ደርሷል። ኑርዬ ግን ሰነፈ። ሳያሳድር ጠዋት ውሃ ቸለሰበት፣ ቅርጹን አወጣ፣ እርጥበቱ እንዳይታይም የከሰል ዱቄት ነሰነሰበት። የቀለጠ ናስ እርጥብ አሸዋ ሲነካ ፈንድቶ ፊት ላይ እንደሚረጭ እያወቀ! የሚያፈሰው እሱ አይደለማ፤ የአምስት ልጆች አባት ይመር ነው።

ይመር ማቅለጫውን በጉጠት ይዞ ሲቀርብ ሼሁ ከተረፈው አሸዋ ዘግነው ጨበጡ። መዳፋቸው ጨቀየ።

«ኑርዬ፣ ይህ አድሯል?»

«ወላሂ አድሯል፣ ሼኽዬ። ይልቅ ናሱ ሳይበርድ ይፍሰስ፣ ሰው ቆሟል።»

«እንግዲያው አንተ አፍስሰው።»

ኑርዬ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔማ እጄን ያመኛል።»

ይመር ማቅለጫውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና «ምላስህስ ደህና ነው» አለው።

ሼሁ ቅርጹን በከዘራቸው አፈራረሱት። ፊታቸው እንደ ምድጃው ቀላ። «ውሃ ስናጣ ተየሙም አድርገን በምንሰግድበት አፈር ሰው ልታቃጥል? ያውም በአላህ ስም ምለህ?»

ከቆሙት አንዱ «የጁምዓውስ ነገር፣ ሼኽዬ?» አለ።

«ጨረቃ የሌለው ሚናራም አዛን ያሰማል። ዓይኑ የጠፋ ሰው ግን ምን ይመልስለታል?»

ጁምዓ ሚናራው ባዶውን ዋለ። በሳምንቱ ኑርዬ አሸዋውን ነፍቶ፣ አሽቶ፣ አሳድሮ መጣ። ሼሁ ጉጠቱን ለይመር ሳይሆን ለእሱ ሰጡት። ቢስሚላህ ብሎ አፈሰሰው፤ ጨረቃዋም እንከን አልነበራትም። ያኔ ሼሁ «እሳት ይሉኝታ አያውቅም» ብለው ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሄዱ።

እኔም ይኸው እላለሁ፤ ሰው በመሐላ ይታለላል፣ ሰው በይሉኝታ ዝም ይላል፣ እሳት ግን አይታለልም፣ ዝምም አይልም። ዛሬም ራሱ የማይጠጋውን ነገር ለሌላው አሰናድቶ «ወላሂ ደህና ነው» የሚል ስንቱ ነው። እንዲህ ያለውን አትከራከሩት፤ ጉጠቱን ስጡትና እዩት።